ያልተጠየቀ ደህና

«እነዚያ ሁለቱ ምን እየተባባሉ ነው?» አለ መልከኛ ጓንጉል። ሰገነቱ ላይ ቆሞ፣ እጁን ከግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ቁልቁል ወደ መንገዱ ያያል።

«ሰላምታ ነው ጌታዬ» አለ አሽከሩ ቢምረው። ቢምረው ጆሮው እንደ ጥንቸል የቆመ ሰው ነው።

«ጥላዬ ከግድግዳው ተነሥቶ ምሰሶው ዘንድ ደረሰ። አሁንም ሰላምታ ነው?»

«አሁንም ሰላምታ ነው። መጀመሪያ ስለ በሬው ጠየቀው። ቀጥሎ ስለ ጥጃይቱ ጠየቀው። አሁን ደግሞ ስለ ሚስቱ እየጠየቀው ነው።»

መልከኛው እጁን ከግንባሩ አወረደ። ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ ነጋሪት ተጎሰመ።

ነጋሪቱ ምን እንዳለ ትሰማላችሁ። መጀመሪያ ግን ጠጋ በሉ። እዚያ ጥግ ያላችሁትም ጠጋ በሉ። «ተረቴ መጣች» ሲባል «እንዴት ሰነበተች?» ይባላል። አንድ ጊዜ ብላችሁ እንዳትተዉ፤ ሦስት ጊዜ በሉ። ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ ተረቷ ራሷ ትናገራለች።

ተረቴ መጣች።

ድሮ ነው። ጅብ ማነከስ ሳይጀምር፣ የዝንጀሮ መቀመጫ ሳይላጥ። ከአንድ ትልቅ ወንዝ ወዲህ አንድ አገር ነበረ። የዚያ አገር ሰው ሲገናኝ ሦስት ጊዜ ይጠያየቃል። «እንዴት ነህ?» ይላል አንዱ። «ደህና» ይላል ሌላው። ቤቱ እየተቃጠለ ቢሆን እንኳ «ደህና» ይላል። ሰውን ገና መንገድ ላይ አግኝቶ መከራን እላዩ ላይ ማራገፍ ነውር ነውና። እንደገና «እንዴት ነህ?» ይባላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላል። ይህም ለወጉ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ ግን ጠያቂው ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ይደገፈዋል። ያን ጊዜ ተጠያቂው በረጅሙ ይተነፍሳል። በሬ ታሞ እንደሆነ፣ ዘር ጎድሎ እንደሆነ፣ ወንድም አኩርፎ እንደሆነ፣ ነገሩ የሚወጣው በሦስተኛው ነው።

ሳይጠየቅ ክፉ ወሬ የሚያወጣ ሰውም አለ። እሱን «ቁራ» ይሉታል። ቁራ መባል የሚወድ የለም።

መልከኛ ጓንጉል የዚያ አገር ገዥ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ በሐምሌ ካረፈች ወዲህ ግን በግቢው ዙሪያ ግንብ መሥራት ይዟል። ግንቡ በየቀኑ ከፍ ይላል፤ እሱም በየቀኑ «አልበቃኝም» ይላል።

ነጋሪቱ እንዲህ አለ። «ዝም አይነቅዝም! ከዛሬ ጀምሮ ሰው ከሰው ሲገናኝ አንድ ጊዜ ይጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ይመልስ። ‹ደህና?› ‹ደህና።› አለቀ። ከዚህ ያስረዘመ ያገር ሰው ቀኑን ሙሉ ለግንቤ ድንጋይ ይሸከማል። ከዚህ ያስረዘመ እንግዳ ገበያዬን ዳግም አይረግጥም።»

ቆጣሪዎችም ቆሙ። አንዱ ገበያ መሐል፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አንዱ ወንዙ መሻገሪያ ላይ። ሰላምታ ቆጣሪዎች ተባሉ። አለቃቸው ቢምረው ሆነ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሳቀ። ሥራም ፈጠነ። ቀጥሎ ግን አንዱ ገበሬ በሬው ታመመ። ጎረቤቱ «ደህና?» አለው፤ «ደህና» አለ። የጎረቤቱ በሬ ከታመመው ጋር አንድ መስክ ላይ ዋለና እሱም ታመመ። አንዲት አሮጊት እሳቷ ጠፋባት። «ደህና?» አሏት፤ «ደህና» አለች። ፍም የሚሰጣት አጥታ ሦስት ቀን ቀዝቃዛ በሶ በጥብጣ ጠጣች። አገሩ በሙሉ ደህና ነበር። ከዳር እስከ ዳር ደህና።

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ቃጫ እየፈተለች፣ ገመድ እየገመደች ቅዳሜ ገበያ ትሸጣለች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ አድና። አድና አምና ከወንዙ ማዶ ተድራለች። አሁን እርጉዝ ናት።

አንድ ሌላ ልማድ ደግሞ ነበረ። የመጀመሪያው ልጅ እስኪወለድ ድረስ የሙሽራዪቱ እናት፣ ካልተጠራች ወይም ክፉ ካልሰማች በቀር፣ የልጇን ደጅ አትረግጥም። ዝም ብላ ከሄደች የባል ወገኖች «ልጄን በደላችኋት ልትለን መጣች» ብለው ይቀየማሉ። ቅያሜው የሚያርፈው በልጅቱ ላይ ነው። ስለዚህ አንጓች የልጇን ወሬ የምትሰማው ከአንድ ሰው ነው፤ ከማዶ ጌሾ ይዞ ከሚመጣው ከሸጋው። ሸጋው የአድና ጎረቤት ነው።

ከአዋጁ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ትጠይቀው ነበር። በሦስተኛው ሸጋው ከጌሾው ጆንያ ላይ ቁጭ ይልና ያወራላታል። አድና ጎመን አማራት። አድና አማቷ በቀለደች ቁጥር ወገቧን ይዛ ትስቃለች። አድና እንጨት ስትለቅም እሾህ ወጋት፤ ባሏ አወጣላት። አንጓች ይህን ሁሉ ይዛ ትሄድና ሳምንቱን ሙሉ እየፈተለች ታስበዋለች።

አዋጁ ወጣ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። ቢምረው ከጌሾው ተራ አጠገብ ቆሟል።

«ደህና?» አለች አንጓች።

«ደህና» አለ ሸጋው።

አለቀ። ሸጋው የጆንያውን ገመድ ፈታ። የፈታውን ቋጠረ። የቋጠረውን መልሶ ፈታ። ገመዱ እሷ የገመደችው ነው። እጁን አየች፤ ፊቱን አየች፤ ቢምረውን አየችና ሄደች።

ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል ስታገላብጥ ሰነበተች። ይህ ደህና የትኛው ደህና ነው? የመጀመሪያው ነው ወይስ የሦስተኛው? የአፍ ነው ወይስ የልብ? ቃጫው በእጇ ላይ ይበጠሳል። ትቀጥለዋለች፤ ይበጠሳል።

ሁለተኛው ቅዳሜ መጣ። አንጓች ዘዴ ይዛ ሄደች።

«ደህና?»

«ደህና።»

ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ጌሾ አነሣች። «ይህ ከማዶ የመጣው ጌሾ» አለች፣ «ቅጠሉ አልጠወለገም?»

ሸጋው ገባው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ትንሽ ጠውልጓል» አለ።

«ፀሐይ ያገኛል?»

«ጨለማ ቤት ነው ያለው።»

«ውኃስ ይጠጣል?»

«ቆይ» አለ ቢምረው። «ተቆርጦ የደረቀ ጌሾ ውኃ ይጠጣል እንዴ? እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ።»

ገበያው ሳቀ። አንጓች አልሳቀችም። ሸጋውን «ነጋዴ ስለ ዕቃው ቢመልስ ወንጀል የለበትም» ብለው ሽማግሌዎች አስጣሉት። አንጓች ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ተሸከመች።

ድንጋይ የሚሸከም ሰው አንገቱን ይደፋል፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ እግር እግር ሥር ያለውን ሁሉ ያያል። አንጓች ከመልከኛው ጎተራ ሥር ነጭ ብናኝ አየች፤ እንደ ዱቄት የላመ። ከጋጣው በር ላይ የመልከኛውን በቅሎ አየች፤ በሦስት እግሯ ቆማለች፣ አራተኛውን አንጠልጥላለች። ቀና ስትል ደግሞ መልከኛውን አየችው፤ ጋቢውን እስከ ጉንጩ ተከናንቧል፣ አንዱ ጉንጩ ከአንዱ ይበልጣል።

መልከኛው በጎተራው በኩል አለፈ። «ጎተራው?» አለ።

«ደህና» አለ ጎተራ ጠባቂው።

በጋጣው በኩል አለፈ። «በቅሎዋ?»

«ደህና» አለ ባልደራሱ።

ቢምረው ከፊቱ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ደህና?»

«ደህና» አለ መልከኛው በግማሽ አፉ።

አንጓች ድንጋይዋን አወረደች። ይህን አገር ማን ነው የሚያውቀው? ብላ አሰበች። ጌታው ቤቱን አያውቅም፤ ቤቱ ጌታውን አያውቅም።

ሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። አንጓች በዚህ ቀን ገበያው ላይ አልጠየቀችም። አንዲቷን ጥያቄዋን ይዛት ቆየች። ሸጋው ጌሾውን ቶሎ ሸጦ ጆንያውን ጠቀለለ፤ ገና ረፋድ ነበረ። ተከተለችው። ምናልባት መሻገሪያው ጋ ቆጣሪው አንቀላፍቶ ይሆናል ብላ ተከተለችው።

ቆጣሪው አላንቀላፋም። ከሾላው ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። አንጓች ዳር ላይ ቆመች። ብትጠይቅ አንድ ደህና ታገኛለች፤ እሱንም አላመነችውም። ዝም አለች።

ሸጋው ሱሪውን ሰበሰበ። አንድ እግሩን ውኃው ውስጥ አገባ። ቆመ። ዞሮ አያት።

«ደህና ናት» አለ።

ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ሰው ሲጠየቅ ደህና ማለቱ ወግ ነው። ሳይጠየቅ ደህና ካለ ግን አንድ ነገር ከጀርባው እየገፋው ነው። ያልተጠየቀ ደህና ከመርዶ አይሻልም።

ቆጣሪው ከተቀመጠበት ተነሣ። «ማን ጠየቀህ?» አለው ሸጋውን።

«ማንም።»

«ታዲያ ለማን መለስክ?»

ሸጋው ውኃውን ተመለከተ። ቆጣሪው ብዙ አሰበ። ጥያቄ ሳይኖር መልስ ከመጣ፣ መልሱ ትርፍ ነው፤ ትርፍ ከሆነ ደግሞ ጥፋት ነው። ሁለቱንም ይዞ ወደ መልከኛው ግቢ አመጣቸው።

መልከኛ ጓንጉል ችሎት ተቀምጧል። ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ አሉ። ጋቢው አሁን እስከ ዓይኑ ደርሷል። ቢምረው ነገሩን አስረዳ፤ ይህ እንግዳ ሳይጠየቅ መልሷል፤ ይህች ሴትም ከዚህ ቀደም በጌሾ አሳብባ ጠይቃለች አለ። መልከኛው ራሱን ነቀነቀ። ሸጋው ገበያውን ዳግም እንዳይረግጥ ፈረደበት።

አንጓች የሸጋውን ጆንያ አየች። ይህ ሰው ካልመጣ ከማዶ ወሬ የሚያመጣላት የለም። ወንዙ ባሕር ይሆንባታል።

ወደ ፊት ወጣች። «ጌታዬ» አለች፣ «ፍርዱ ከመጽናቱ በፊት ልናገር?»

«አጭር አድርጊው።»

«ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለሦስት ሰው፣ ሦስት ሦስት ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። ሦስቱም የእርስዎ ሰዎች ይሁኑ። እርስዎ የማያውቁት ነገር ካልወጣ፣ ግንቡ እስኪያልቅ ያለ ቀለብ ድንጋይ እሸከማለሁ። ከወጣ ግን አዋጁ ይነሣልኝ።»

መልከኛው ሊስቅ ፈለገ፤ ጉንጩ አልፈቀደለትም። «ቤቴን የማላውቅ መሰለሽ?»

«አላልኩም ጌታዬ።»

«ጠይቂ። ቃሌ ነው። ሽማግሌዎቹም ይስሙ።»

አንጓች ጎተራ ጠባቂውን አስጠራች። መጣ።

«ጎተራው እንዴት ነው?»

«ደህና።»

«ጎተራው እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

አንጓች ዱላ አልያዘችም። ዱላ ከሌለ ታዲያ ምን ይደረጋል? ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አባቴ፣ ጎተራው እንዴት ነው?»

ሰውዬው መልከኛውን አየ፤ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየ። ትከሻው ወረደ። «ነቅዟል» አለ። «ከመስከረም ጀምሮ ነቅዟል። እህሉን ፀሐይ ላይ የሚያወጡ ሰዎች ስጡኝ እንዳልል፣ አንዴ ብቻ ነው የምጠየቀው። በአንዴ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዘው። ዝም አይነቅዝም የተባለበት ነጋሪት እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ባልደራሱ ተጠራ። «በቅሎዋ እንዴት ናት?» ደህና። «በቅሎዋ እንዴት ናት?» እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና። አንጓች አሁንም ከመሬት አልተነሣችም። «ወንድሜ፣ በቅሎዋ እንዴት ናት?»

ባልደራሱ አለቀሰ። ሰኮናዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ አመርቅዟል፤ ለብቻው ይዞ ማውጣት አቃተው፤ አንድ ሰው ቢያግዘው በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነበረ። እሱም ሌሊት ሌሊት እግሯን ታቅፎ ያድር ነበር።

መልከኛው ከወንበሩ ቀና አለ። «ሦስተኛው ማን ነው?» አለ። ድምፁ ተለውጧል።

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ።»

ቢምረው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«የእኔ ሰዎች ብለሽ ነበር» አለ መልከኛው።

«እርስዎስ የማን ነዎት ጌታዬ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቃል ቃል ነው፤ አንደኛው ጢሙን እያሻሸ «ይጠየቁ» አለ።

«ጌታዬ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና።»

«ጌታዬ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና።»

አንጓች ከተቀመጠችበት ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ጌታዬ፣ እንዴት ነዎት?»

መልከኛው ጋቢውን ከፊቱ አወረደ። ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ደርሷል። «ጥርሴ» አለ። «አሥራ ሦስት ቀኑ ነው። እንቅልፍ የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንጓች ግን አልተነሣችም። «ጥርስስ ይነቀላል» አለች። «እንዴት ነዎት?»

«አራት!» አለ ቢምረው።

«ዝም በል ቢምረው» አለ መልከኛው።

መልከኛው የግንቡን ጫፍ አየ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ እዚያ መሬት ላይ ለተቀመጠችው ለገመድ ሻጯ ተናገረ። ያን ቀን ከሰገነቱ ላይ ሁለቱን ገበሬዎች አይቶ ነበር። አንዱ አንዱን ስለ ሚስቱ እንደሚጠይቀው ከቢምረው ሰማ። ነገ ከነገ ወዲያ እኔንም እንዲህ ይሉኛል ብሎ ፈራ። አንደኛውን «ደህና» ይላል፤ ሁለተኛውን «ደህና» ይላል።

«ሦስተኛውን ምን ብዬ ልመልስ?» አለ። «ሰው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ላስቁመው ብዬ ነው። አገሩን በሙሉ ዝም አሰኘሁት። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ሌሊት ከሚስቴ አልጋ ጋር ሳወራ አድራለሁ።»

ጎተራ ጠባቂው፣ ቅድም ትከሻው የወረደው ሰው፣ ወደ ፊት መጥቶ የጌታውን እግር ያዘ። «እኔም እህቴ ሐምሌ ላይ ነው የሞተችብኝ» አለ። መልከኛው ቁልቁል አየው። አምስት ዓመት ያገለገለው ሰው ነው፤ ይህን አያውቅም ነበር።

አዋጁ በዚያው ቀን ተነሣ። ነጋሪቱን የጎሰመው ቢምረው ራሱ ነው። ለቆጣሪዎቹም ቅጣት ተፈረደባቸው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ እያንዳንዱን ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲጠይቁና የሰሙትን እንዲያመጡ። አሮጊቷ ፍም አገኘች። የታመሙት በሬዎች ከመስኩ ተለዩ። አንዱ ቆጣሪ ከአንድ ቤት ገብቶ እስከ ማታ አልወጣም፤ ለካስ ሦስተኛውን ጥያቄ እሱም ተጠይቆ ነው። የግንቡ ድንጋይ ፈርሶ መሻገሪያው ላይ መረማመጃ ሆነ። የመልከኛውን ጥርስ ማን ነቀለው ብትሉ፣ ቢምረው፤ በአንጓች ቃጫ አስሮ።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ ነው። ያን ጊዜ፣ ችሎቱ ገና ሳይበተን፣ መልከኛው አንጓችን «ምን ልሸልምሽ?» አላት።

«ጥያቄዬን ልጠይቅ» አለች።

ወደ ሸጋው ዞረች። ሸጋው ጆንያውን ይዞ እንደቆመ ነው።

«አድና እንዴት ናት?»

«ደህና።»

«አድና እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።»

«ሸጋው፣ ወንድሜ። ልጄ እንዴት ናት?»

ሸጋው ጆንያውን መሬት ላይ ጣለና ላዩ ላይ ተቀመጠ። በረጅሙ ተነፈሰ። አድና በሯን ከዘጋች ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው አላት። እህል በደጅ ያስቀምጡላታል፤ ጠዋት ጥቂት ብቻ ተቆርሶለት ያገኙታል። ከውስጥ ሆና ለማንም አትከፍትም። ሸጋው ወደ ገበያ ሲመጣ በበሩ ቀዳዳ ትጠራውና «ለእናቴ ደህና ነኝ በልልኝ» ትለዋለች። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ብላዋለች። በየሳምንቱ ድምፅዋ እያነሰ ሄዷል።

አንጓች ተነሣች። ክፉ ሰምታለች፤ አሁን ልማዱም አይከለክላትም። መልከኛው ሌላ በቅሎ አስጭኖ ሰጣት። ሸጋው ልጓሙን ይዞ ወንዙን አሻገራት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። የአድና አማት እጇን አጣምራ ከደጁ ላይ ቆማለች። «ማን ጠርቶሽ ነው?» አለች።

«ክፉ ሰምቼ ነው እመት።»

የአማትየዋ ክንድ ተፈታ። «እንኳን ሰማሽ» አለች።

የአድና ባል ከበሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጢሙን ከተላጨ ቆይቷል። ከፊቱ ያልተነካ ምግብ በሳህን ተከድኗል። አንጓችን ሲያይ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጠይቀሃታል?» አለችው አንጓች።

«እንዴት አልጠይቅም እማማ? ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት። ሁለት ጊዜም ደህና ነኝ አለችኝ። ሰው ደህና ነኝ ካለ ምን ይደረጋል?»

«ልጄ» አለችው፣ «ሁለት ደህና ለደጅ፣ ሦስተኛው ለወዳጅ።»

እጁን አፉ ላይ ጫነ።

አንጓች ወደ በሩ ቀረበች። «አድና፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አለ አንድ ድምፅ፣ ፈጠን ብሎ። ከዚያ የማን ድምፅ እንደጠየቀ የገባው መሰለና ተቋረጠ።

«አድና፣ እንዴት ነሽ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እማ። ደህና ነኝ።» ቀጭን ነው፤ ሊበጠስ እንደቀረበ ቃጫ።

አንጓች መድረኩ ላይ ቁጭ አለች። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። አልቸኮለችም። ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው እስኪወጡ ጠበቀች፤ ሸጋው በቅሎዋን አስሮ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«አድናዬ» አለች፣ «እንዴት ነሽ?»

ከውስጥ ቁርበት ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ እግር፣ ቀስ ብሎ፣ መሬቱን እየጎተተ። መቀርቀሪያው ተነሣ። በሩ አንድ ክንድ ያህል ገርበብ አለ፤ አንድ እጅ ከጨለማው ወጥቶ የአንጓችን ነጠላ ጫፍ ያዘ።

«እማ፣ እኔ እኮ ደህና አይደለሁም» አለ ድምፁ።

አንጓች ተነሣች። ከመግባቷ በፊት ወደ ኋላ ዞራ ባልየውን በእጇ ጠራችው። «አንተም ና» አለችው። «ጆሮህን ይዘህ ና።»

ጫማውን ደጅ አውልቆ ተከተላት። አማትየዋና ሸጋው ውጭ ቀሩ። በሩ ተዘጋ።